ስለ አዲስ አለቃ ጆሮና አንደበት

ሹመት ሰውን በአንድ ቀን ደብዳቤ ከወንበር ወደ ወንበር ያዛውራል፤ ጠባዩን ግን በአንድ ቀን አያዛውረውም። ትናንት በሙያው ብቻ ይመሰገን የነበረው መምህር፣ ነርስ፣ ሒሳብ ሹም ወይም መሐንዲስ ዛሬ ማኅተም ተረክቦ በሌሎች ሰዎች ሥራ ላይ ኀላፊ ይባላል። ጎረቤት እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል፤ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ይፈላለታል፤ እናት በልጇ ሹመት ደስ ይላታል። በማግሥቱ ተሿሚው ከቢሮው ገብቶ ሲቀመጥ ግን ለብዙ ዘመን የለመደው ሥራ ከዚያ እንደሌለ ያያል። ጠመኔው፣ መርፌው፣ መዝገቡ በሌላ ሰው እጅ ነው። ለእርሱ የተሰጠው ሥራ ሰው ነው።

የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ በየቤተ ሰቡ አዲስ ተሿሚ አይጠፋም። ከልጆቻችን መካከል በሃያ ስምንትና በሠላሳ ዓመታቸው የክፍል ኀላፊዎች፣ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆችና የጤና ጣቢያ አለቆች የሚሆኑ ብዙዎች ናቸው። እኛም ንባቡንና ዜማውን በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ከየኔታ ተምረን፣ ድቁናን ተቀብለን፣ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት አልፈን ለብዙ ዓመታት ስናስተምር ከቆየን በኋላ የርእሰ መምህርነት ሥራ ተሰጥቶናል። ስለዚህ ሰውን ስለ መምራትና ከሰው ጋራ ስለ መነጋገር ከሁለቱ ቤቶች ያገኘነውን በአጭሩ ለማካፈል ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት ስለ ሹመት ያለን አሳብ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ሹመትን እንደ ማዕድ ስለሚያስቆጥር ያጠፋቸው ወጣቶች ጥቂቶች አይደሉም። ለመብላት የማያስብ ቅን ተሿሚ እንኳ ቢሆን ሹመት ማለት ማዘዝ ነው ብሎ ሊጀምር ይችላል። በሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ሊንዳ ሂል 19 አዳዲስ ሥራ አስኪያጆችን በመጀመሪያው የሹመት ዓመታቸው ተከታትለው በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የገለጡት ይህንኑ ነው። ተሿሚዎቹ ሥልጣን ያገኙ መስሏቸው ነበር፤ ወንበሩን ከያዙ በኋላ ግን ከቀድሞው ይልቅ በሌሎች ሰዎች ፈቃድና ትጋት ላይ የተንጠለጠሉ መሆናቸውን አዩ። ነገሩ በትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ጎበዝ የሒሳብ መምህር አርባ ልጆችን በገዛ ድምፁ ያስተምራል፤ ርእሰ መምህር ሲሆን ግን የሺህ ልጆች ትምህርት በሌሎች መምህራን ድምፅ የሚፈጸም ይሆናል። የመምህራኑ ልብ ከቀዘቀዘ ማኅተሙ ብቻውን አንዲት ፊደል አያስቆጥርም።

አዲስ አለቃ በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ማየት ነው። በዚህ ረገድ ከነህምያ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። የፋርስ ንጉሥ ሥልጣንና ደብዳቤ ሰጥቶት ወደ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ በዕለቱ ጉባኤ ሰብስቦ ዐዋጅ አልነገረም። ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ከዚያም ጥቂት ሰዎች አስከትሎ በሌሊት ወጣና የፈረሰውን ቅጥርና የተቃጠለውን በር በዓይኑ መረመረ። ሕዝቡን ያነጋገረው ካየ በኋላ ነው። ሥራውን ሲያከፋፍልም ብዙዎቹ በየቤታቸው አንጻር ያለውን ክፍል እንዲሠሩ ስላደረገ ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ። ዛሬ ግን አንዳንድ ተሿሚ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ የቀድሞውን አለቃ ሥራ ሁሉ ይሽራል፤ የክፍለ ጊዜውን ድልድል ይለውጣል፤ በሳምንቱ ሦስት ማስታወቂያ ይለጥፋል። ይህ ለሠራተኛው የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም እስከ ዛሬ የደከማችሁበት ከንቱ ነው ማለት ነው። እኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ምክትሉ ድረስ እያንዳንዱን ሰው በየሥራው ቦታ እየሄድን ሦስት ነገር ጠየቅን፦ እዚህ መልካም ሆኖ የቆየውና መነካት የሌለበት ምንድር ነው? ሥራህን የሚያደናቅፍብህስ ምንድር ነው? ከእኛ የምትፈልገውስ? ከጥበቃው የሰማነው፣ ማለት ከሰዓት በኋላ ልጆች በየትኛው አጥር እየሾለኩ እንደሚቀሩ፣ በማናቸውም ሪፖርት ላይ ያልተጻፈ ነገር ነበር።

ከማየት ቀጥሎ የሚመጣው መስማት ነው፤ ይህም ከሁሉ የሚከብድ ነው። ከ1924 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ በቺካጎ አጠገብ በነበረው በዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ የሆቶርን ፋብሪካ ስለ ሠራተኞች ጠባይ ሰፊ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ20,000 የሚበልጡ ሠራተኞች በየተራ ተጠየቁ። ጠያቂዎቹ በመጀመሪያ የተዘጋጀ የጥያቄ ዝርዝር ይዘው ነበር የሚገቡት፤ ሠራተኛው ግን ከተጠየቀው ወጥቶ በልቡ ያለውን መናገር እንደሚወድ ባዩ ጊዜ ዝርዝሩን ትተው ዝም ብለው መስማት ጀመሩ። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅ የነበረው ንግግር ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ረዘመ። ከዚህም የተማሩት ትልቅ ነገር ሰው በአፉ የሚያነሣው ቅሬታና በልቡ ያለው ችግር ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑን ነው።

ይህ ነገር በእኛም ዘንድ በአንዲት የወረዳ ከተማ እውነት ሆኖ አገኘነው። እኛን ራሳችንን በልጅነታችን ጂኦግራፊ ያስተማሩን አንድ አረጋዊ መምህር በእኛ ሥር ይሠሩ ነበር። በሰው ፊት «እርስዎ» ይሉናል፤ ለብቻችን ስንሆን ደግሞ እንደ ቀድሞው «አንተ ልጅ» ይሉናል፤ እኛም ሁልጊዜ «ጋሼ» እንላቸዋለን። በዚያ ዓመት ያስፈተኑትን ወረቀት አርመው አልመልስ አሉ። ልጆቹ የ8ኛ ክፍል የክልል ፈተና የሚጠብቃቸው ነበሩና ወላጆች እየመጡ ጮኹ፤ ምክትላችንም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አርቅቆ ለፊርማ አቀረበልን። ሕጉ ከእርሱ ጋራ ነበር። ደብዳቤውን ከመሳቢያ አስቀምጠን መምህሩን በግቢው ካለው ዋርካ ሥር ከክፍል መልስ ሄደን አነጋገርናቸው። በመጀመሪያው ቀን ስለ ኑሮ ውድነት አወሩን፤ በሁለተኛው ቀን የዛሬ ልጆች ሥነ ሥርዓት የላቸውም ብለው ተቆጡ፤ እኛም ሰማን። በሦስተኛው ቀን ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡና ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ «አንተ ልጅ፣ ሴቲቱ ልጄ የላከችልኝን መልእክት እስኪ አንብብልኝ» አሉን።

ካርታን ያለ መጽሐፍ ከልባቸው የሚስሉ ሰው የገዛ ልጃቸውን ሦስት መስመር ማንበብ አቅቷቸው ነበር። መነጽር የረሱ እንዲመስል አድርገው ስልኩን ሲዘረጉልን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። መልእክቱን አነበብንላቸው፤ ስለ ዓይናቸው ግን በዚያች ሰዓት አንዲት ቃል አልተናገርንም። በነጋው ሳንጠይቃቸው ራሳቸው ነገሩን። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሚስታቸው በቀር ለማንም ሳይነግሩ ደብቀውት ነበር፤ የፈሩትም ከሥራ መውጣትን ሳይሆን ተማሪዎቻቸው ዕውር አስተማረን ብለው እንዳይስቁ ነበር።

እንግዲህ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መጠበቅ ነበረበት፤ የልጆቹ ፈተናና የአረጋዊው ክብር። ከመምህሩ ጋራ ተማክረን፣ እርሳቸው በቃል ማስተማራቸውን እንዲቀጥሉ፣ ወረቀቱን ግን ሁለት ወጣት መምህራን እንዲያርሙላቸው አደረግን። ወጣቶቹ በሥራ ላይ ሥራ ስለ ተጨመረባቸው አጉረመረሙ፤ መብታቸውም ነበርና ከግቢ ተረኛነት አሳረፍናቸው። ምክንያቱን የነገርናቸው መምህሩ ራሳቸው ከፈቀዱ በኋላ ነው። ወረቀቱ ከፈተናው በፊት ለልጆቹ ደረሰ። መምህሩንም ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ለመንናቸው፤ ያገኛቸው የዓይን ሞራ ነበር። ይህ ሕመም በአገራችን ሰዎችን ዓይነ ስውር ከሚያደርጉት ሁሉ ዋነኛው ሲሆን ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ቀኝ ዓይናቸው ዳነ፤ ግራው ግን ሌላ ሕመም ስለ ነበረበት አልተመለሰም። በአንድ ዓይናቸው እያነበቡ ጡረታቸው እስኪደርስ አስተማሩ። ያ ደብዳቤ ሳይፈረምበት ቀረ። እርግጥ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚያስፈልገው ሰነፍ ሠራተኛ አለ። ነገር ግን ሰነፉን ከታመመው የሚለየው ጆሮ እንጂ ማኅተም አይደለም።

ወደ መናገር እንለፍ። በእኛ ቋንቋ «እሺ» የምትባለው ቃል ለአዲስ አለቃ ታላቅ ወጥመድ ናት። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ተብሎ ያደገ ሰው ለአለቃው እንቢ ማለትን እንደ ብልግና ይቆጥረዋል። ስለዚህ አንዱ «እሺ» እስማማለሁ ማለት ነው፤ ሌላው «እሺ» ሰማሁ ማለት ብቻ ነው፤ ሦስተኛው «እሺ» ደግሞ ከፊትህ ልሂድልህ ማለት ነው። ቼስተር ባርናርድ የተባሉት አሜሪካዊ የስልክ ኩባንያ ፕሬዚዳንት በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ የትእዛዝ ሥልጣን ያለው በአዛዡ ዘንድ ሳይሆን በተቀባዩ ዘንድ ነው። ሰው ትእዛዝን በእውነት የሚቀበለው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ሲገባው፣ ከድርጅቱ ዓላማ ጋራ የማይቃረን መሆኑን ሲያምን፣ ከራሱ ጥቅም ጋራ ሲስማማለትና ለመፈጸም ዐቅም ሲኖረው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ «እሺ» ይባላል፤ ሥራው ግን አይሠራም።

ለዚህ መድኀኒቱ ከየኔታ ጉባኤ ይገኛል። የኔታ ተማሪውን «ገባህ ወይ?» ብለው አይጠይቁትም፤ ያስደግሙታል እንጂ። ተማሪው የተነገረውን በገዛ አፉ መልሶ ሲያደርስ፣ የተሳተው ቃል ወዲያው ይሰማል። እኛም አንድ ሥራ ስንሰጥ፣ «እንግዲህ ከየት ልትጀምር አሰብህ? መቼስ ታደርሳለህ?» ብለን መጠየቅን ለመድን፤ መልሱም ነገራችን በትክክል መድረሱን ይነግረናል። ይህ ልማድ ለአለቃውም ይሠራል። ካርል ሮጀርስ የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ በ1952 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ለሚከራከሩ ሰዎች የሰጡት ምክር፣ የራስህን አሳብ ከመናገርህ በፊት የባልንጀራህን አሳብ እርሱ ልክ ነው እስኪል ድረስ መልሰህ ንገረው የሚል ነበር። በመምህራን ስብሰባ ላይ ሞክረነዋል፤ ጠቡ በግማሽ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ከተጣሉት መካከል ብዙዎቹ አንዱ የሌላውን ነገር አልሰሙትም ነበር።

ስለ አነጋገር ሌላም የምንለው አለን። ቅኔ የቋንቋችን ጌጥ ነው፤ ሰምና ወርቁን የቀመሰ ሰው ጣዕሙን አይረሳውም። ትእዛዝና ተግሣጽ ግን በሰምና ወርቅ አይነገሩም። «አንዳንድ ሰዎች ደወል የማይሰሙ ይመስላል» ብሎ በጉባኤ የሚናገር አለቃ፣ ያረፈደው አንድ ሰው ሲሆን ሠላሳውን አስቆጥቷል፤ ያረፈደው ግን ስለ ሌላ ሰው የተነገረ መስሎት ዝም ይላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የተሠራው ሥርዓት፣ በመጀመሪያ ለብቻው፣ ቀጥሎ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋራ፣ በመጨረሻም በጉባኤ የሚለው፣ ለመሥሪያ ቤትም ይበጃል። ለብቻው ጠርተህ፣ ያየኸውን ቁርጥ ያለ ነገር ከነቀኑ ንገረው፤ ያስከተለውን ጉዳት አስረዳው፤ ከዚያም ዝም ብለህ ስማው። ምስጋና ግን ከዚህ የተለየ ነው። በግልጥና በስም ሲነገር ያምራል፤ ደግሞም ቁርጥ ያለ ይሁን። «ጎበዝ ነህ» ከማለት ይልቅ «ትናንት ያን የሚያለቅስ ልጅ ከክፍል አውጥተህ ያነጋገርህበት አኳኋን መልካም ነበር» ማለት በሰው ልብ ለብዙ ጊዜ ይቀመጣል።

አሁን ደግሞ ብዙዎች ስለሚያፍሩበት ነገር እንናገር፤ ይኸውም ትናንት ባልንጀራህ የነበረውን ሰው ማስተዳደር ነው። ከእኛ ጋራ በአንድ ቀን የተቀጠረ፣ በደስታና በኀዘን ያልተለየን አንድ ወዳጅ ነበረን። በተሾምን በሁለተኛው ወር የዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜውን ለሌላ መምህር እንድንሰጥለት ለመነን። ፈቅደንለት ቢሆን ሸክሙ የሚወድቀው ሕፃን በምታጠባ መምህርት ላይ ነበር። ለብቻው ጠርተን፣ የማንችልበትን ምክንያት ሳንሸሽግ ነግረን ከለከልነው፤ ስለ ወዳጅነታችንም ያለንን ፍቅር ገለጥንለት። «ወንበር ሰው ይለውጣል ሲባል እሰማ ነበር» ብሎን ወጣ። ለአንድ ዓመት ያህል ቡና አብሮን አልጠጣም፤ ዛሬ ሰላምታችን ደኅና ቢሆንም የቀድሞው ጨዋታ አልተመለሰም። ይህን የምንጽፈው አዲስ ተሿሚ ሁሉን ደስ አሰኝቶ መግዛት የሚቻል እንዳይመስለው ነው። የሚቻለው አስቀድሞ መናገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወዳጆችን ጠርቶ፣ «ከሥራ ውጭ ያው ወንድማችሁ ነኝ፤ በሥራ ግን ለእናንተና ለሌላው አንድ ሚዛን እይዛለሁ» ብሎ ማስታወቅ፣ ኋላ የሚመጣውን ቅያሜ ባያስቀረውም ያቀለዋል። እንዲሁም «አንተ» ይሉት የነበሩትን ባልንጀሮች «እርስዎ» በሉኝ ብሎ አያስገድድ፤ ክብር በተውላጠ ስም ብቻ አይመጣም። በዕድሜ የሚበልጡትን ግን ከተሾመ በኋላ ይልቁን አብዝቶ ያክብር።

ጎበዝ ሠራተኛ የነበረ አለቃ የሚሰናከልበት ሌላው ነገር ሁሉን በራሱ እጅ ለመሥራት መፈለጉ ነው። ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ለሕዝቡ ሁሉ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ፣ እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ነገረው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የኀምሳና የዐሥር አለቆችን ሾሞ ታላቁን ነገር ብቻ ለራሱ እንዲያስቀርም መከረው። ይህ በዘጸአት ምዕራፍ 18 ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያናችንም በማኅሌት ጊዜ ይህንኑ ታሳያለች፤ መሪጌታው ይመራል፣ ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው በየወገናቸው ይቀበላሉ፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢዜም ማኅሌት አይሆንም። በ1974 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኦንከንና ዶናልድ ዋስ የተባሉ ጸሐፊዎች ነገሩን በጦጣ መስለውታል። ሠራተኛው ችግሩን እንደ ጦጣ በትከሻው ተሸክሞ ይመጣል፤ አለቃው «ተወው፣ አስብበታለሁ» ባለ ጊዜ ጦጣዋ ዘላ በአለቃው ትከሻ ላይ ትቀመጣለች። እንዲህ እየሆነ ማታ ሠራተኛው እጁን አወዛውዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ አለቃው የሃያ ሰው ጦጣ ተሸክሞ ያመሻል። ስለዚህ ችግር ይዞ የመጣውን ሰው፣ «አንተስ ምን መፍትሔ አሰብህ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አባቶቻችን «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህን ነው። ሥራ ሲሰጥ ግን ሥልጣኑም አብሮ ይሰጥ፤ ሎሚውን ሰጥቶ እጁን አስሮ ማስቀመጥ ማካፈል አይባልም።

በመጨረሻ ለቤተ ሰብ አንድ ቃል እንጨምራለን። አዲስ ተሿሚ ቀኑን ሙሉ የሰው ነገር ሲሰማ ውሎ ሲመለስ ጆሮው ደክሞ ስለሚገባ፣ ለሚስቱና ለልጆቹ የሚተርፈው ትእዛዝ ብቻ ይሆናል። «ውኃ አምጡ፣ ድምፅ ቀንሱ፣ ነገ እንነጋገራለን» እያለ ቤቱን እንደ መሥሪያ ቤት ያስተዳድራል። ሴቲቱ ተሿሚ ስትሆን ደግሞ ድካሙ እጥፍ ነው፤ ከቢሮ ስትመለስ የወጥ ቤቱ ሥራ እንደ ቀድሞው ይጠብቃታልና። ባል የሚስቱን ሹመት በእንኳን ደስ ያለሽ ብቻ ሳይሆን ልጁን በማጠብና እራቱን በማቅረብ ሊመርቀው ይገባል። በቤታችን እኛ የያዝነው ልማድ ቀላል ነው። ከገባን በኋላ እራት እስኪቀርብ ድረስ ስልኩ ከመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ልጆቹ በየተራ የዋሉበትን ይነግሩናል፤ እኛም ምክር ሳንሰጥ እንሰማለን። ከሠራተኛ ጋራ የሚያስፈልገው ትዕግሥት የሚለመደው በዚህ ማዕድ ዙሪያ መሆኑን በየዕለቱ እናያለን።

እንግዲህ በዚህ ወር የሹመት ደብዳቤ የደረሰህ ወንድማችን፣ የደረሰሽም እኅታችን፣ ወንበሩ የተሰጣችሁ የሰዎችን ድካም ፍሬ እንዲያፈራ እንድትረዱ ነው። ነገ ጥዋት ከማዘዛችሁ በፊት አንዱን ሠራተኛ በሥራው ቦታ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ሲመልስላችሁም አታቋርጡት። ከሦስት ቀን በኋላም ተመልሳችሁ ያንኑ ሰው ጠይቁት። እውነተኛው ነገር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሦስተኛው ቀን ነውና።